በኋላ ማርሽ የመጣች መልስ

ደብዛዛው በፍቅር ከተጣለ ወዲህ የሰርግ ቪዲዮ ቤቱ ገበያ ቀዝቅዟል። ሙሽሮቹን ማን ይፈርድባቸዋል? ሰርጋቸውን ሊያስቀርጹ ደስ ብሏቸው ሲገቡ፣ ካሜራ ታቅፎ የሚቀበላቸው ሰው ከቀብር የተመለሰ ይመስላል። ባለፈው አንዲት ሙሽራ ፊቱን ትክ ብላ አየችና ወደ እጮኛዋ ዞራ፣ "ይሄ ሰውዬ ስለ አንተ የሚያውቀው ነገር አለ እንዴ?" አለችው። እየተጨቃጨቁ ወጡ። እስካሁንም አልታረቁም ይባላል።

"ደብዛዛው" ብለው ያወጡለት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። የሚያነሳው ምስል ሁሉ ጭጋግ የወረደበት ነው። እሱ "ጥበብ ነው" ይላል፤ ሰፈሩ ደግሞ "መነጽር ግዛ" ይለዋል። የአንዱን ጎረቤት የመታወቂያ ፎቶ አንስቶለት፣ ሰውየው በዚያች መታወቂያ የወንድሞቹን ሁሉ ጉዳይ ሲያስፈጽም ኖሯል። አንድ ጊዜማ አማቱ ሳይቀሩ ተጠቅመውባታል ይላሉ።

"አንተ!" አለች ታላቅ እህቱ ከጓዳው ክፍል። ቪዲዮ ቤቱ የሁለቱ ነው፤ እሱ ይቀርጻል፣ እሷ ኮምፒውተሩ ላይ ተተክላ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች። "የሐይቁ ፊልም እኮ አለቀልህ። የቀረችው የመጨረሻዋ ቀረጻ ናት። ና አብረን እንያት።"

"አላይም።"

"ፊልሙ ያንተ አይደለም እንዴ?"

"ነበር።"

"ነበር ይለኛል እንዴ! ስንት ቅዳሜ ያቃጠልኩበትን!"

"አንቺው ቁረጪው፣ አንቺው ቀጥዪው፣ ከፈለግሽም ጣዪው። እኔ ያን ቀን ቆሜ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ድጋሚ አያስፈልገኝም" አለና የካሜራውን መስታወት መወልወል ቀጠለ። በዚያ ሳምንት መስታወቱን እንዲያ ሲወለውለው ሊበሳው ምንም አልቀረው። ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሌላ ቦታ ግን አልነበረውም። የትም ቢያሳርፈው እሷን ነው የሚያየው።

*

የደብዛዛው አባት ጀልባ ቀዛፊ ነበሩ። የሚቀዝፉበት ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሸሸ እየሸሸ፣ በመጨረሻ አሳዎቹን እንኳ ሳይሰናበት ጠፋ። የቀረው የተሰነጣጠቀ መሬትና አፈር ላይ የተገተረ የጀልባ መሳፈሪያ ብቻ ሆነ። አባትየውም ከሐይቁ በኋላ ብዙ አልቆዩም።

ልጅየው ታዲያ አድጎ ሐይቁን በፊልም ሊመልሰው ተነሳ። ዘዴው ሁሉን ነገር ቀርጾ ወደ ኋላ ማጫወት ነው። ደረቁ መሬት ላይ አንድ ጀሪካን ውሃ ይደፋል፤ ፊልሙ ወደ ኋላ ሲሄድ ውሃው ከስንጥቁ እየመነጨ ተሰብስቦ ጀሪካኑ ውስጥ ይገባል። አቧራው ከሰማይ ወርዶ ቦታው ላይ ይተኛል። "ትዝታ የሚሄደው እንዲህ ነው" ይላል ደብዛዛው፤ "የሄደውን ሁሉ እያስመለሰ።"

በዚያ መሬት ላይ የምትደንስ ሴት አስፈለገችው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ ሲገለበጥ ዳንሱ ቀና እንዲሆን፣ እሷ ከመጀመሪያው ገልብጣ መደነስ አለባት፤ ከመጨረሻው ጀምራ መጀመሪያው ላይ መጨረስ፣ ወደፊት ለመምጣት ወደ ኋላ መሄድ። የጠየቃቸው ዳንሰኞች በሙሉ "ጤናህ ነው?" እያሉ ሸሹት። እሺ ያለችው አንዲት ብቻ ናት፤ የታላቅ እህቷን ሰርግ ሲቀርጽ ያወቃት የጡረተኛው ዳኛ ሁለተኛ ልጅ።

ልምምዱን አይቶ ያልሳቀ አልነበረም። ልጅቱ ገበያ ወደ ኋላ እየሄደች ትገዛለች፤ ደረጃ ወደ ኋላ ትወጣለች። አንድ ውሻ ሊያባርራት ተነስቶ፣ እየሸሸች ይሁን እየመጣችበት ስላልገባው ተቀምጦ አሰበ ይባላል። ባንክ ስትገባም ዘበኛው "ደህና ዋዪ" ብሎ በሩን ከፈተላት።

ወደ ኋላ የምትሄድን ሴት የሚመራ ሰው ግን የት ነው የሚቆመው? ፊት ለፊቷ ነዋ! እሷ ወደ ኋላ፣ እሱ ወደፊት፤ "ድንጋይ አለ፣ ወደ ግራ በዪ... ቀስ... ጉድጓድ" እያለ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ያንን ሐይቅ የሚያህል ሜዳ ስንት ጊዜ አቋረጡት! ባልና ሚስት እንኳ ዕድሜ ልካቸውን እንዲያ አይተያዩም። በመጨረሻ ላይ ድንጋይ ሳይኖርም "ድንጋይ አለ" ይላት ጀመር፣ እጇን ለመያዝ። እሷም ድንጋይ እንደሌለ እያወቀች ትደናቀፍለታለች።

ዳኛው ይህን ሲሰሙ ቤቱ ተናጋ። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን በክራቫት የኖሩ ሰው፤ እሱ አባቱ ጀልባ ቀዛፊ፣ እናቱ ልብስ ሰፊ። እንዲያውም ይሄስ ይቅር፤ በትልቋ ልጃቸው ሰርግ ቪዲዮ ላይ የዳኛውን ፊት ከመግቢያው እስከ መውጫው ጉም አልብሶት ነበር። "ልጄን ማን እንደዳራት እንኳ አይታወቅም!" እያሉ እስከዛሬ ያነሱታል።

የመጨረሻዋ ቀረጻ ዕለት ጠዋት፣ ደብዛዛው እናቱ የሰፉለትን ብርቱካንማ ሻርፕ ከቦርሳው አውጥቶ ዳንሰኛዋ አንገት ላይ ጠመጠመው። "አግቢኝ" አላት። ሌላ ያዘጋጀው ንግግር ነበር፤ ንፋስ ወሰደው።

ዳንሰኛዋ ሻርፑን በጣቶቿ ዳበስ ዳበስ አደረገችና "መልሱን በዳንሱ ታገኘዋለህ" አለች። "ስጨርስ በቀጥታ ወደ ቤት ነው የምነዳው። እሺ ካልኩህ እሁድ ከሰዓት ቤታችን ና፤ አባዬን እኔ አዘጋጀዋለሁ። እምቢ ካልኩህ ግን አትምጣ፤ አንተፋፈር።"

ካሜራው ከፊት ለፊቷ ቆመ። ደብዛዛው ማስነሻውን ተጫነና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እየቀረጸ ዓይኑን ከካሜራው አንስቶ እሷን በባዶ ዓይኑ አየ። ያየው ይህን ነው። መዳፏ የካሜራውን መስታወት ሸፍኖ ነበር፤ ቀስ ብላ አነሳችው። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ከሰመ። ሻርፑን ከአንገቷ ፈታች፣ መሬት ላይ ጣለችው። ከዚያ ጭንቅ ባለው ፊቷ እያየችው፣ አንድ አንድ እርምጃ እየራቀች፣ እየራቀች የአባቷ መኪና ውስጥ ገባች። መኪናዋም እየሸሸች አቧራው ውስጥ ጠፋች።

ሻርፑን አንስቶ አቧራውን አራገፈለት። እሁድ አልሄደም። ስልኩ ሁለቴ ጮኸ፤ ስሟን አይቶ "ጓደኛ እንሁን ልትለኝ ነው" አለና ትራስ ስር ከተተው። ከዚያ ወዲያ ስልኩም ዝም አለ። 

*

"ና!" አለች እህቱ እንደገና። የአሁኑ "ና" ግን ሌላ ነበር። ልጇ እየሮጠ ሊወድቅ ሲል ያየች እናት ድምፅ።

"አላይም አልኩሽ እኮ..."

"አንተ ደንባራ፣ በእግርህ ካልመጣህ በጆሮህ ጎትቼ ነው የማመጣህ!"

ገባ። እህቱ ወንበሩን ለቀቀችለትና ትከሻውን ተጭና አስቀመጠችው። "እንደተባባልነው ገልብጬዋለሁ፤ እንደ ሌሎቹ ሁሉ። እይ።"

አቧራ ነበር። ከአቧራው ውስጥ መኪናዋ እየመጣች፣ እየመጣች ቆመች። በሩ ተከፈተ። ዳንሰኛዋ ወረደች፤ ፊቷ ጭንቅ ያለው ነው፣ ያላሰበችበት ቦታ የተጠራች ሰው ይመስላል። ግን ትመጣለች። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ በደረቁ ሐይቅ ላይ በቀጥታ ወደ እሱ ትመጣለች። እግሯ ሲያርፍ አቧራው ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ ጫማዋ ስር ይተኛል። መሬት ላይ የወደቀው ሻርፕ ብድግ ብሎ እጇ ገባ። አንገቷ ላይ ጠመጠመችው። ያ የከሰመ ፈገግታ ከከንፈሯ ጥግ ተነስቶ እስከ ዓይኖቿ ደረሰ። ከዚያ መዳፏን ዘረጋችና መስታወቱን ሸፈነችው። ጨለመ። ፊልሙ አለቀ።

ደብዛዛው ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

"እሺ ብላሃለች" አለች እህቱ፣ ራሱን ዳበስ እያደረገች። ሁለቱም ፈዘው ጥቁሩን ስክሪን ያያሉ። ከዚያ ግን ርኅራኄዋ አለቀና በጨርቅ ጀርባውን ትለበልበው ገባች። "አንተ! ወደ ኋላ እንድትደንስ ያደረግካት ራስህ! ወደ ኋላ የሚጫወት ፊልም የፈጠርከው ራስህ! ደግሞ እስቲ ንገረኝ፣ ትታህ የምትሄድ ሴት በኋላ ማርሽ ነው የምትነዳው?"

"በኋላ ማርሽ... ነበር እንዴ?"

"ያንን ሁሉ ሜዳ በኋላ ማርሽ ነድታልሃለች! አንገቷን ጠምዝዛ! ነገር ሲጠፋብህ ልክ የለውም እኮ ወንድሜ!"

"እኔ... መልሱ ለእኔ ነው ብዬ... ለፊልሙ አይደለም ብዬ..."

"እና እሁድ አልሄድክም።"

"አልሄድኩም።"

"ቤተሰቦቿ እኮ ለብሰው ጠብቀውሃል ማለት ነው።"

ይህቺን አላሰባትም ነበር። ደስታና ድንጋጤ በአንድ በር ሊገቡ ተጋፉና ሁለቱም በሩ ላይ ተቀረቀሩ። ላፕቶፑን መንጭቆ ብብቱ ስር ሸጎጠና ወጣ። ማክሰኞ ነበር፣ ጠራራ ፀሐይ። ጃኬቱን ረስቷል። በዚያ መንገድ እንዲያ ሲሮጥ አይተውት የማያውቁ ሱቅ ጠባቂዎች እሳት የተነሳ መስሏቸው ዕቃቸውን ማስገባት ጀምረው ነበር። ልቡ ግን ከእግሩም ትቀድም ነበር፤ "ይቅር ትለኝ ይሆን?" እያለች።

*

በሩን የከፈቱት የዳንሰኛዋ እናት ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ "ዛሬ እሁድ ነው እንዴ?" አሉት።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ..."

"ግባ፣ ግባ። ለእኔ አታስተባብል፤ ውስጥ ችሎት ተቀምጦልሃል።"

ዳኛው ሶፋቸው ላይ ጋዜጣ ዘርግተው ነበር። አጥፈው አስቀመጡት። ተቀመጥ አላሉትም።

"እሁድ ዕለት" አሉ፣ "ክራቫት አሰርኩ። የሶፋውን ልብስ አስቀየርኩ። ከምሳ ጀምሮ እዚች ላይ ተጎለትኩ። እምቢ የምልህን ቃል ጭምር አሳምሬ፣ ከመስታወት ፊት ተለማምጄ ነበር። አንተ ግን ቀረህ! ሰው እንዴት እምቢ የማለት መብቱን ይነፈጋል?"

"ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ጥፋተኛ መሆንህንማ ሰፈሩ ያውቃል። ምክንያትህን ነው የምጠይቅህ።"

ደብዛዛው ምክንያቱን ለመናገር ሞከረ፤ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ኋላ ማርሹ፣ ስለ ሻርፑ። እየተናገረ በሄደ ቁጥር ለራሱም እብድ እየመሰለ መጣ። ዳኛው እጃቸውን አነሱ። "ልጄ፣ ከምትለው ውስጥ አንዲቱም አልገባችኝም። የያዝከው ማስረጃ ካለ አሳይ።"

ላፕቶፑ ቴሌቪዥኑ ላይ ተሰካ። በመጀመሪያ ያን ቀን እሱ እንዳየው አሳያቸው። እጇ ተነሳ፣ ፈገግታዋ ከሰመ፣ ሻርፑ ወደቀ፣ ራቀች፣ ሄደች።

"እንግዲህ" አሉ ዳኛው፣ አገጫቸውን እያሻሹ፣ "ይሄ ያለ ጥርጥር እምቢታ ነው። እኔም ብሆን አልመጣም ነበር። በነፃ ልለቅህ ነው።"

"አሁን ደግሞ ፊልሙ እንዳለው" አለ ደብዛዛው፣ ገለበጠውም።

መኪናዋ ከአቧራው ወጣች። ዳንሰኛዋ ወርዳ መጣች፣ መጣች፣ ሻርፑ ከመሬት ተነስቶላት መጣች።  እናትየው የቀሚሳቸውን እጅጌ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

"ስትፈልግ ገልብጠው፣ ስትፈልግ አቃናው" አለ ከኮሪደሩ በኩል የመጣ ድምፅ። "እሁድ ግን አልተገለበጠም። እሁድ ቀጥ ብሎ አለፈ።"

ዳንሰኛዋ የበሩን መቃን ተደግፋ ቆማ ነበር። ዓይኖቿ ሲያለቅሱ የከረሙ ናቸው፤ ደብዛዛው ከዚያ ሁሉ የሜዳ ጉዞ በኋላ ያንን ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

"መንገደኛው ሁሉ እየሳቀብኝ ወደ ኋላ ሄድኩልህ" አለች። "እሁድ ዕለት መስኮቱ ስር ቆሜ ያለፈው መኪና ሁሉ አንተ መሰለኝ። የቆሻሻ መኪና ሳይቀር! ደወልኩልህ።"

"ልታጽናኚኝ መስሎኝ ነው ያላነሳሁት።"

"ላጽናናህ? ለምን ዘገየህ ልልህ እኮ ነው! ባል መሆን አስፈርቶት ጠፋ ብዬ ለእማዬ ነገርኳት። ስንት ነገር አልኩህ መሰለህ።"

"ብላሃለች" አሉ እናትየው። "አንዳንዱንማ እኔም ጨምሬበታለሁ።"

ደብዛዛው ያዘጋጀው ንግግር አልነበረውም፤ ስለዚህ ንፋስ የሚወስደውም አልነበረም። "ስቀርጽሽ ሁልጊዜ በካሜራ ነበር የማይሽ" አላት። "በካሜራ ሳይሽ አልፈራም፤ ሥራዬ ነው። ያን ቀን ግን መልሱ የእኔ ነው ብዬ ዓይኔን አነሳሁ። ባዶ ዓይኔ ደግሞ ለካ ፈሪ ነው። የዳኛ ልጅ የጀልባ ቀዛፊን ልጅ ምን ታደርገዋለች እያለ ሲጠብቅ የኖረ ዓይን ነው። ሲጠብቅ የነበረውን አየ። አንቺን አላየም።"

ዳንሰኛዋ መቃኑን እንደተደገፈች ፊቱን መረመረች። 

"አሁንስ ትፈራለህ?" አለችው።

"እፈራለሁ። ግን መጥቻለሁ።"

ከንፈሯ ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። "እንግዲያው ድጋሚ ጠይቀኝ" አለች። "ያለ ካሜራ፣ ያለ ሐይቅ። እኔም በአፌ ነው የምመልስልህ። አፌን ወደ ኋላ ማስኬድ አልተለማመድኩም፤ አትፍራ።"

"አግቢኝ" አላት።

"አገባሃለሁ" አለችው። እንዲሁ፣ ፊት ለፊት፣ ልጅም ሽማግሌም በሚገባው አማርኛ። የበሩን መቃን ለቀቀችና ወደ እሱ ተራመደች፤ ያለ ማርሽ፣ ያለ መመሪያ። ምንጣፉ ላይ ድንጋይ ባይኖርም ልትደርስ ስትል ተደናቀፈችና እጁን ያዘች። ደብዛዛው ሳያስበው ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ደግሞ እንባው መጣ፣ ሁለቱን መለየት አቃተው።

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እዚህ ቤት ውስጥ እኮ እኔም አለሁ። የተለማመድኩት ንግግር..."

"አንተ ሰውዬ!" አሉ እናትየው። "ለሰኞ ችሎት አቆየው።"

"ጡረታ ላይ ነኝ፤ ሰኞ ችሎት የለኝም።"

"ጎሽ። እንግዲያው አለቀ።"

ዳኛው ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ። ስክሪኑ ጥቁር ነበር። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። "ያቺን" አሉ፣ ማንንም ሳያዩ፣ "ከመኪናው ወርዳ የምትመጣበትን... እስቲ ድገምልኝ።"

"የቱን፣ ጌታዬ? ዳንሱን?"

"ዳንስ አላውቅም እኔ። የምትመጣበትን ነው የምልህ።" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ይቺ ልጅ ከትንሽነቷ ጀምሮ ሁልጊዜ እየወጣች ነው። ወደ ልምምድ ትወጣለች፣ ወደ መድረክ ትወጣለች፣ ስቆጣት ትወጣለች። እኔ ጀርባዋን ነው የማውቀው። ስትመለስ እኔ ወይ ችሎት ነኝ፣ ወይ ተኝቻለሁ፣ ወይ ኩርፊያ ላይ ነኝ። ስትመጣ አይቻት አላውቅም።"

 ዳንሰኛዋ ሄዳ አባቷ አጠገብ ተቀመጠችና ትከሻቸውን ተደገፈች፤ ነፃውን እጇን ዘርግታ ደብዛዛውን ወደ ሶፋው ጎተተችው።

ደብዛዛው ደገመው። መኪናዋ መጣች፤ ልጅቱ ወረደች። ዳኛው ወደፊት ዘንበል ብለው፣ አፋቸው በትንሹ ተከፍቶ፣ ልጃቸው በተሰነጠቀው መሬት ላይ ወደ እሳቸው ስትመጣ አዩ። እንደጨረሱ "እንደገና" አሉ። እንደገና መጣች። "ጥርት ብሏል ምስሉ" አሉ በሦስተኛው። "ካሜራውን ሳያይ ስለቀረጸው ነዋ" አለች ዳንሰኛዋ፣ እናትየውም ሳቃቸውን ለማፈን ሞክረው አልቻሉም።

ደብዛዛው ጀርባውን ሶፋው ላይ ጣለ። እሁድ ሊቀመጥበት የነበረው ሶፋ ነው፤ ለስላሳ መሆኑን ማን ነገረው? ከዚያች ሜዳ ወዲህ ደረቱ ላይ ተጭኖት የነበረው ነገር፣ ማንም ውጣ ሳይለው፣ ብድግ ብሎ ሄደ። ትንፋሹን እስከ መጨረሻው ለቀቀ። ከጎኑ ያለችው ልጅ ትንፋሹን ሰማችና፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ፣ እጁን ጠበቅ አደረገችው።